ጆን ሲሞት ወረቀቱ ምን ይላል?

ልቅሶ ቤት ስንገባ ዓይናችን መጀመሪያ የሚፈልገው ዋናውን ሐዘንተኛ ነው። ባሏ የሞተባት የትኛዋ ናት? ሚስቱ የሞተችበት የቱ ጋ ተቀምጧል? እሱን ሳናገኝ፣ «እግዜር ያጥናህ» ሳንለው ቁጭ አንልም። እድርተኛው ይህን ያውቃል። ጎረቤቱ ያውቃል። ከሩቅ የመጣው ዘመድም ያውቃል። ሐዘን ባለቤት አለው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ፣ መንግሥት ሐዘንተኛውን «አንተ ለሟቹ ምኑም አይደለህም» ሊለው ስለተዘጋጀበት ሞት ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ ኦሃዮ፣ ከተማው ሲንሲናቲ ነው። ሟቹ ጆን አርተር ይባላል፣ ሐዘንተኛው ጂም ኦበርገፌል። ሁለቱም ወንዶች ናቸው። በጂም ስም የሚጠራው ፍርድ በ2015 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አሜሪካ ሕጋዊ አደረገ። ፍርዱን ያልሰማ የለም። ከየት እንደተነሳ ግን በአማርኛ ሲወራ ብዙም አልሰማሁም። የተነሳው ከአንድ የሞት የምስክር ወረቀት ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ያደግሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ስለ ጋብቻ የተማርኩትን አውቃለሁ፣ ያስተማሩኝንም አከብራለሁ። የማንንም ሃይማኖት ለማስለወጥ አይደለም የምጽፈው። ግን በአማርኛ ስለዚህ ነገር ስናወራ የምንጠቀምበት ቃል ራሱ ፍርዱን ይዞ ይመጣል። ሰውየው ማን ነው፣ ምን ገጠመው ብለን ሳንጠይቅ ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ከሰዎቹ እንጀምር።

ጂምና ጆን የተዋወቁት በ1992 ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አብረው ኖሩ። ከተማቸው ለእነሱ የተመቸ አልነበረም። የሲንሲናቲ መራጮች በ1993 የከተማዋን ቻርተር አሻሽለው፣ ምክር ቤቱ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ከአድልዎ የሚጠብቅ ደንብ እንዳያወጣ ከለከሉት። ክልከላው እስከ 2004 ቆየ። እሱ በተነሳበት ዓመት ደግሞ የኦሃዮ መራጮች የግዛቱን ሕገ መንግሥት አሻሻሉ፦ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ የተፈጸመ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻም ኦሃዮ ውስጥ አይታወቅም። ድምፁ 62 ከመቶ ገደማ ነበር። በጠባብ ልዩነት ያለፈ ነገር አይደለም።

ወደ ሌላ ግዛት ሄደው መጋባት ይችሉ ነበር። ማሳቹሴትስ ከ2004 ጀምሮ ያጋባ ነበር፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ከሌላ ግዛት የመጡትንም። ግን ለወጉ ያህል፣ ቤት ሲመለሱ ዋጋ የሌለው ወረቀት ለመያዝ አልፈለጉም። የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ በ1996 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ጋብቻ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሳይጋቡ ኖሩ።

በ2011 የጆን አረማመድ ተለወጠ። ሐኪም ጋ ሄደ። ኤ.ኤል.ኤስ. የሚባለው በሽታ ነው ተባለ። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች አንድ በአንድ ይሞታሉ። መጀመሪያ እግር፣ ወይ እጅ፣ በኋላ መዋጥ፣ በኋላ መተንፈስ። አእምሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ሰውየው አካሉ ከእጁ ሲወጣ እያየ ነው የሚሄደው። የሚያድን መድኃኒት የለውም።

በሁለት ዓመት ውስጥ ጆን አልጋ ላይ ዋለ። ጂም አስታማሚ ሆነ። ይህቺን ቃል እወዳታለሁ። አስታማሚ ማለት ነርስ ማለት አይደለም። ከበሽተኛው ጋር አብሮ የሚታመም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ የምትተዳደሩ ብዙ ወገኖቼ አላችሁና ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ሌሊት ትንፋሹን መቁጠር። ጂም ይህን ሁሉ ያደረገው ማንም ሳይቀጥረው ነው።

ጁን 26 ቀን 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤዲት ዊንዘር ጉዳይ ፈረደ። ይህቺ ሴት የሕይወት ጓደኛዋ ቲያ ስፓየር ስትሞትባት የፌዴራሉ መንግሥት 363,053 ዶላር የውርስ ግብር አስከፍሏት ነበር። ባል ሞቶባት ቢሆን ኖሮ አንድ ሳንቲም አትከፍልም ነበር። ፍርድ ቤቱ ያንን የ1996 ሕግ ዋና ክፍል ሻረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግዛት ሕግ የተጋቡ ሰዎችን የፌዴራሉ መንግሥት ሊያውቃቸው ግድ ሆነ።

ጂምና ጆን ዜናውን ቤታቸው ሆነው አዩ። ጂም ጎንበስ ብሎ አልጋው ላይ ያለውን ጆንን ሳመው። «እንጋባ» አለው። ጆን «እሺ» አለ።

እንጋባ ማለት ቀላል ነው። ኦሃዮ አታጋባም። ወደሚያጋባ ግዛት በመኪና እንዳይሄዱ የጆን አካል የሰዓታት መንገድ አይችልም። የጋብቻ ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ በብዙ ቦታ ሁለቱም ተጋቢዎች ቢሮ መቅረብ አለባቸው። ሲያፈላልጉ ሜሪላንድን አገኙ። እዚያ ፈቃዱን ለመጠየቅ አንዱ ቢቀርብ ይበቃል። ሁለቱም መገኘት ያለባቸው ሥርዓቱ ሲፈጸም ነው።

ጂም አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ፈቃዱን አወጣ። ዘመድና ወዳጅ ተረባርቦ ከ12,000 ዶላር በላይ አዋጣ። በገንዘቡ የሕክምና መሣሪያ ያለው ትንሽ ጄት ተከራዩ። ጁላይ 11 ቀን 2013 ጆን በቃሬዛ ተጭኖ ከሲንሲናቲ ወደ ሜሪላንዷ ቦልቲሞር በረረ።

የቦልቲሞርን አየር ማረፊያ በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ተቀብላችሁበታል። አውሮፕላኑ እዚያ አርፎ አስፋልቱ ላይ ቆመ። ማንም አልወረደም። የጆን አክስት ፖሌት ሮበርትስ የማጋባት ሥልጣን ነበራቸው። ጠባቧ አውሮፕላን ውስጥ፣ ቃሬዛው አጠገብ፣ ሁለቱን አጋቡ። ሰባት ደቂቃ ተኩል ፈጀ። ከዚያ አውሮፕላኑ ተነስቶ ወደ ኦሃዮ ተመለሰ። ድግስ የለ፣ ሚዜ የለ፣ ሰርገኛ የለ። የጆን እጅ አልታዘዝ ብሎት ስለነበር ጂም ነው ይዞለት የነበረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሜሪላንድ ይህን ጋብቻ የፈቀደችው በፍርድ ቤት ትእዛዝ አልነበረም። በኖቬምበር 2012 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 52 ከመቶ ገደማ ደግፎት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ የሚኖሩ ዜግነት ያገኙ ሐበሾችም ወረቀቱ ደርሷቸዋል። ጥያቄ ቁጥር 6 ይባል ነበር። ያ ድምፅ ባይሰጥ ኖሮ ያ አውሮፕላን ቦልቲሞር የሚያርፍበት ምክንያት አልነበረውም። ይህን አስታውሱት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሲንሲናቲ ጋዜጣ የሠርጉን ታሪክ አወጣ። አል ጌርሃርድስታይን የተባሉ የከተማው የሰብዓዊ መብት ጠበቃ አነበቡት። ያንን የ1993 የቻርተር ክልከላ በፍርድ ቤት ሲታገሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በወዳጅ በኩል ቀጠሮ ይዘው ቤታቸው ሄዱ። ባዶ የሞት የምስክር ወረቀት ይዘው ነበር።

ቅጹን አሳዩዋቸው። አንድ ቦታ ላይ «የጋብቻ ሁኔታ» ይላል። ሌላ ቦታ ላይ «በሕይወት ያለ የትዳር ጓደኛ ስም» ይላል። ጠበቃው ያስረዷቸው ይህን ነው፦ ጆን ሲሞት ኦሃዮ እዚህ ጋ «ያላገባ» ብላ ትጽፋለች። እዚህ ጋ ደግሞ ባዶ ትተዋለች።

ጂምና ጆን ይህን አላሰቡትም ነበር። ማን ያስባል? ተጋብተው ከተመለሱ ገና ቀናቸው ነው። ሕጉ መኖሩን ያውቁ ነበር። ግን ሕግ ሲባል ሩቅ ነገር ነው። ወረቀት ላይ መስመር ሆኖ ሲመጣ ሌላ ነው።

ነገሩ የወረቀት ብቻም አልነበረም። የጆን ቤተሰብ ሲንሲናቲ ውስጥ ስፕሪንግ ግሮቭ በሚባለው መካነ መቃብር የቤተሰብ ቦታ አለው። በቦታው ላይ በተሰጠው መመሪያ መሠረት እዚያ የሚያርፉት የቤተሰቡ ተወላጆችና የትዳር ጓደኞቻቸው ብቻ ናቸው። ጆን አመዱ እዚያ እንዲያርፍ ይፈልጋል። ጂምም ቀኑ ሲደርስ ከጎኑ መሆን ይፈልጋል። የመንግሥት መዝገብ «ያላገባ» ካለ ጂም በየትኛው በኩል ይገባል? ለእኛ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የአባቶቼ አጥንት ካረፈበት ቅበሩኝ ብሎ የሚናዘዝ ሰው ያለበት አገር ልጆች ነን።

ጁላይ 19 ክስ መሠረቱ። ጁላይ 22 የፌዴራሉ ዳኛ ቲሞቲ ብላክ ክርክሩን ሰምተው በዚያው ቀን ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጡ፦ ጆን ከሞተ ወረቀቱ «ያገባ» ይበል፣ የጂም ስምም ይመዝገብ። ሦስት ቀን ነው። ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ዳኛው ውሳኔያቸውን «ይህ የተወሳሰበ ጉዳይ አይደለም» ብለው ነው የጀመሩት። ነጥባቸው ቀጥ ያለ ነው። ኦሃዮ ከጥንት ጀምሮ አንድ መርህ አላት። ጋብቻ በተፈጸመበት ቦታ ሕጋዊ ከሆነ ኦሃዮም ውስጥ ሕጋዊ ነው። ኦሃዮ ራሷ የማታጋባቸውን እንኳ ትቀበላለች። ለምሳሌ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ኦሃዮ ውስጥ መጋባት አይችሉም። ሌላ ግዛት ተጋብተው ከመጡ ግን ባልና ሚስት ናቸው። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም እንደዚሁ።

ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ። ሰባት ቤት ቆጥሮ በሚጋባ ባህል ውስጥ ላደገ ሰው የአጎት ልጅ ማለት እህት ናት። ኦሃዮ ይህን «ደስ አይለኝም፣ ግን ሌላ ቦታ ሕጋዊ ነበር» ብላ ታልፋለች። ሃያ ዓመት አብሮ ኖሮ ያስታመመውን ሰው ግን «አላውቅህም» ትላለች። ሕግ ሁሉንም እኩል ቢያጠብቅ አንድ ነገር ነው። ለሁሉም ላልቶ ለአንዱ ብቻ ሲጠብቅ ግን ምክንያቱ ጋብቻን መጠበቅ አይደለም። ሰውየውን መለየት ነው። እኔን ያሳመነኝ የዳኛ ብላክ ነጥብ ይኸው ነው፤ ከሰማይ የወረደ የመብት ንድፈ ሐሳብ አላስፈለገውም።

ጆን ኦክቶበር 22 ቀን 2013 አረፈ። ዕድሜው 48 ነበር። በሕግ ባልና ባል ሆነው የኖሩት ሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ነው። ወረቀቱ «ያገባ» አለ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩም። በዲሴምበር 2013 ዳኛው ውሳኔያቸውን የጸና አድርገው፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበትን ሌላ ሰው ጨምረው ፈረዱ። አንዴ በአንድ ግዛት በሕግ የተጋባን ሰው ሌላው ግዛት ተነስቶ ትዳሩን ሊነጥቀው አይችልም አሉ። ኦሃዮ ይግባኝ ጠየቀች። ይግባኝ ማለት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ግዛቱ ካሸነፈ የጆን ወረቀት ሊታረም ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ ሊፈታ ነው።

ኖቬምበር 6 ቀን 2014 ስድስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለኦሃዮ ፈረደ። ከኦሃዮ ጋር የሚሺጋን፣ የኬንታኪና የቴነሲ ጉዳዮች አብረው ነበሩ። የሚሺጋኑ የሁለት ነርሶች ጉዳይ ነው። ልዩ እንክብካቤ የሚሹ ሕፃናትን ወስደው የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። ስላልተጋቡ ግን ሁለቱም የአንዱ ልጅ ወላጅ ሆነው መመዝገብ አይችሉም። ከቴነሲው ከሳሾች አንዱ አፍጋኒስታን የዘመተ ወታደር ነበር።

የይግባኙን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ጄፍሪ ሰተን ናቸው። ጽሑፋቸው ጥላቻ የለበትም። እንዲያውም ለውጡ እየመጣ መሆኑን አልካዱም። ጥያቄያቸው ማን ይወስን የሚል ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ የማኅበረሰብ ጉዳይ በሕዝብ ክርክርና በድምፅ ቢፈታ ይሻላል፣ ዳኛና ጠበቃ ጀግና ሆነው ከሚጨርሱት ዜጎች ራሳቸው ቢጨርሱት ይሻላል አሉ።

ይህን መልስ ንቄ ማለፍ አልፈልግም። ከባድ ነው። ሜሪላንድን አስታውሱ። ያ አውሮፕላን ያረፈው በሕዝብ ድምፅ ምክንያት ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን አሳምኖ የመጣ ለውጥ ሥር አለው። ከላይ የወረደ ነገር ቂም ይተዋል። የኦሃዮ 62 ከመቶ መራጮችም ሁሉ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ እንደ እናቴ ያሉ፣ የሚጾሙ፣ የታመመ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው።

ግን ጆን ጊዜ አልነበረውም። ክርክሩ ሃያ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ኤ.ኤል.ኤስ. ሃያ ዓመት አይሰጥም። «ታገሱ፣ ሕዝቡ እየተለወጠ ነው» የሚለው ምክር ጤነኛ ለሆነ ሰው ምክር ነው። ሊሞት ላለ ሰው ግን ፍርድ ነው፣ ያውም ይግባኝ የሌለው። የዳኛ ሰተንን ሐሳብ አንብቤ ስጨርስ የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ጎረቤት እስኪያምን ድረስ የሚሞቱት ወረቀታቸው ምን ይላል?

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አራቱ ግዛቶች ተጠቃለሉ። የኦሃዮው መዝገብ ቁጥር ከሁሉም ዝቅተኛ ስለነበር ጉዳዩ በሙሉ በጂም ስም ተጠራ። ተከሳሽ ሆኖ የተጻፈው ሪቻርድ ሆጅስ በወቅቱ የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የሞት የምስክር ወረቀት የጤና መሥሪያ ቤት ሥራ ነውና።

ኤፕሪል 28 ቀን 2015 ክርክሩ ተሰማ። ጥያቄዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው፦ ግዛቶች ተመሳሳይ ፆታ ያላቸውን ሰዎች የማጋባት ግዴታ አለባቸው? ሁለተኛው፦ ቢያንስ ሌላ ቦታ የተጋቡትን የማወቅ ግዴታ አለባቸው? የጂም ጥያቄ ሁለተኛው ብቻ ነው። እሱ ኦሃዮን አጋቢኝ አላላትም። ያጋባኝን አትካጂ ነው ያላት።

ፍርዱ ጁን 26 ቀን 2015 ወጣ። ልክ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ጂም «እንጋባ» ባለበት ቀን። አምስት ለአራት። ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ አዎ ነበር። ክልከላው ጸንቶባቸው የነበሩ 13 ግዛቶችም በሮቻቸውን ከፈቱ። ጂም ችሎቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሲወጣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በስልክ አገኙት።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ የአውሮፕላኑን ታሪክ ተርከውታል። በሕጉ ምክንያት ሁለቱ በሞት እንኳ ባዕድ ሆነው ሊቀሩ ነው ብለው ጻፉ። ጂም ይህን መለያየት «ዘመን እስኪያልቅ የሚያም» ማለቱንም ጠቅሰዋል። ጋብቻ የመመሥረት መብት የነፃነትና የእኩልነት አካል ነው አሉ። እዚያው ላይ ደግሞ፣ ሃይማኖቶችና አማኞች የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ትክክል አይደለም ብለው በሙሉ እምነት ማስተማራቸውን መቀጠል ይችላሉ ብለው ጻፉ። ይህቺኛዋን ክፍል በእኛ ሰፈር ማንም ሲጠቅሳት አልሰማሁም። ከ2015 ወዲህ የትኛውም ቄስ፣ የትኛውም ሼህ፣ የትኛውም ፓስተር የማያምንበትን ጋብቻ እንዲባርክ በዚህ ፍርድ አልተገደደም። የተገደደው መንግሥት ነው። የኬንታኪዋ የመዝገብ ሹም ኪም ዴቪስ በሴፕቴምበር 2015 ፈቃድ አልሰጥም ብላ የታሰረችው የመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለነበር ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ተፈታለች።

የተቃወሙት አራት ዳኞችም ጽፈዋል። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ተቃውሟቸውን ከችሎት አነበቡ። በፍርዱ የሚደሰት ይደሰት፣ ሕገ መንግሥቱን ግን አታመስግኑ፣ እሱ በነገሩ የለበትም አሉ። ይህ የሰተን ሐሳብ ነው፣ መረር ብሎ የመጣ። ክላረንስ ቶማስ ያሉት ግን ሌላ ነው፣ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። የሰው ክብር ከመንግሥት የሚመጣ አይደለም አሉ። ስለዚህ መንግሥት ሊሰጠውም ሊነጥቀውም አይችልም።

ግማሹ ትክክል ነው። በእኛም እምነት ክብር ከፈጣሪ ነው፣ ማኅተም አይሰጠውም። ጆን ያለ ወረቀቱም ክቡር ነበር። ጂምም የኦሃዮ ጤና ቢሮ ባያውቀውም ባልነቱ አይጠፋም ነበር። ግን መንግሥት ክብርን ባይነጥቅም ውሸት መጻፍ ይችላል። ያገባውን «ያላገባ» ብሎ በማኅተም መመዝገብ ይችላል። ሐዘንተኛውን ከመቃብሩ ማራቅ ይችላል። የጡረታ አበሉን፣ ውርሱን፣ ሆስፒታል የመግባት መብቱን መከልከል ይችላል። ክብር አይነካም ብሎ ይህን ሁሉ መፍቀድ ልክ አይመስለኝም።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ አንድ ጥያቄ ነው። መንግሥት መዝገብ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ሌላ ነው። ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጥ ቤተ እምነት አለ። ለሁለተኛው ግን መንግሥት ዜጎቹን በእኩል ዓይን የማየት ዕዳ አለበት። ቤተ ክርስቲያን የተፋታን ሰው ዳግመኛ በተክሊል አታጋባም። ማዘጋጃ ቤት ግን ያጋባል። ማንም ይህን አይቶ እምነቴ ተነካ አላለም። ሁለቱ መዝገቦች ተለያይተው መኖር እንደሚችሉ እኛ ራሳችን ከኖርንበት እናውቃለን።

ኢትዮጵያ ውስጥ ክርክሩ ሌላ ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በእስራት ያስቀጣል። እዚያ ስለ ጋብቻ ወረቀት ማንም አያወራም። ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ ሳያገባ የቀረ አጎት፣ ርቆ የሄደ ወንድም፣ ስለ እሱ የማይጠየቅ ልጅ አለ ብል አልተሳሳትኩም። አንዳንዱ ለምን እንደራቀ ማንም አያውቅም። አንዳንዱ ደግሞ ውጭ አገር ሆኖ ሲሞት፣ አጠገቡ የነበረው «የክፍል ጓደኛው» ተብሎ ከልቅሶው ጥግ ይቀመጣል። ሬሳው አገር ቤት ሲላክ እሱን ማንም አያማክረውም። የጂምን ጉዳይ ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ እዚያ ጥግ የሚቀመጠው ሰው ነው። እግዜር ያጥናህ የሚለው የለም።

ከፍርዱ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የውርጃን መብት ሲሽር ዳኛ ቶማስ የጂምም ፍርድ እንደገና ይታይ ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው ፈራ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 13 ፕሬዚዳንት ባይደን አዲስ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ግዛቶችን አጋቡ አይልም። በአንድ ግዛት የተጋባን ሰው ሌላው ይወቅ ይላል። ማለትም ፍርዱ አንድ ቀን ቢሻር እንኳ የጂም ጥያቄ፣ ያቺ ሁለተኛዋ፣ በሕግ ተመልሳለች። ጆን ዛሬ ቢሞት ወረቀቱን ማንም አይነካውም። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ኪም ዴቪስ ፍርዱ ይሻር ብላ ያቀረበችውን አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳይቀበለው ቀርቷል።

ጂም በ2022 ለኦሃዮ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ስሙን ዛሬ የሕግ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ጣቱ ላይ ግን አንድ ቀለበት አለ። ጆን ከሞተ በኋላ የሁለታቸውን ቀለበት አንድ አስደረገው። በውስጥ በኩል ቀጭን ቦይ አስወጣለት። ቦዩ ውስጥ ከጆን አመድ ጥቂት አለ። ከውጭ አይታይም።